ገጹ የሚገለጥበት ቦታ

ውድ ባለቤቴ፣

«ባለቤቴ» ብዬ መጀመር ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም። ሌላ ስም ፈልጌ አጣሁ። ኦርኬስትራው በሙሉ «ወይዘሮ ባዶ ገጽ» ይልሻል፤ እኔም ከነሱ ጋር እየሳቅኩ እንደዚያ ስልሽ ኖሬያለሁ። በዚያ ስም መጥራቴን የተውኩት ከሦስት ቀን በፊት ነው፤ ለምን እንደተውኩት ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

አባትሽን፣ አባባን ይዘሽ አክስትሽ ቤት ከሄድሽ ዛሬ ሃያ ሁለት ቀን ሆነ። ስልክሽ ይጠራል፣ አይነሳም። አክስትሽ ቤት ስደውል «ተኝታለች» ይሉኛል፣ ያውም ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። አንቺን ካወቅኩሽ ጀምሮ ፀሐይ አልጋ ላይ አግኝታሽ አታውቅም። አክስትሽ ውሸት አያውቁበትም፣ እኔም እሳቸውን ማስዋሸት ሰልችቶኛል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የመሣሪያ መኪናችን ሾፌር ነገ ጠዋት ይዞልሽ ይመጣል። «በባልና ሚስት መሀል እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ» ብሎ ካጉረመረመ በኋላ ነው እሺ ያለኝ። አትቆጪው፤ እኔ ነኝ የለመንኩት።

ዛሬ ሰኞ ነው። አባባ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እንደገና ይፈተናሉ። ካልመጡ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጡበት ወንበር ለሌላ ሰው ይሰጣል። የስንብት ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ፊርማ ነው። ሾፌሩ እንደነገረኝ ክላርኔታቸውን ከሳጥኑ አውጥተው አያውቁም፣ ሳጥኑንም ከአልጋቸው ሥር ገፍተውታል። የምጽፍልሽ ሐሙስ ይዘሻቸው እንድትመጪ ነው። ከዚያ በፊት ግን ያልነገርኩሽ ነገር አለ፤ እሱን ሳትሰሚ እንድትመጪ አልፈልግም።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ቢሮሽ መጀመሪያ የገባሁት ኬብል ተሸክሜ ነው። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ክፍል፣ እስከ ኮርኒሱ የሚደርሱ የኖታ ቁም ሳጥኖች፣ የላጲስ ፍርፋሪ የሞላው ጠረጴዛ፤ አንቺም ጸጉርሽን በእርሳስ ጠቅልለሽ ተቀምጠሽ ነበር። አስተዳደሩ የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር ገዝቶ እኔን ጫንላት ብሎ ልኮኛል። ጭኜ ስጨርስ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ይሄ ነገር ሲሳሳት የምቆጣው ማንን ነው?» አልሽኝ። «እኔን» አልኩሽ። ያኔ እንደ ቀልድ ነበር።

የመጀመሪያዋን ስክሪፕት የጻፍኩልሽ እጅሽ አብጦ ነው። በኖታው ላይ በቁም መስመር የተከፋፈሉትን ባሮች አንድ በአንድ ስትቆጥሪና ቁጥር ስትጽፊ አምሽተሽ፣ በማግሥቱ አንጓሽን በሻርፕ አስረሽ መጣሽ። «ስክሪፕት ደግሞ ምንድን ነው?» ስትይኝ፣ «ሰው የሚሰለቸውን ሥራ ለኮምፒውተሩ በጽሑፍ ማዘዝ ነው» ብዬሽ አሥራ ሁለት መስመር ጻፍኩ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ባር በአራት ሰከንድ ቁጥሩን አገኘ። ስክሪኑን አየሽ፣ አንጓሽን አየሽ፣ ከዚያ እኔን አየሽኝ። «እንዲህ ያለ ወንድ እያለ እኔ በሻርፕ እታሰራለሁ?» አልሽ። በስድስት ወራችን ተጋባን።

ከዚያ ወዲያ እጄን በላኝ። የድምፅ መጠን ምልክት የተረሳበትን መስመር ቀይ የምታደርግ ስክሪፕት ጻፍኩ። የየተጫዋቹን ድርሻ ከዋናው ኖታ ለይታ፣ ስም ሰጥታ፣ ለማተሚያው የምትልክ ጻፍኩ። ሁሉንም ወደድሻቸው፣ እንደ ቤት ሠራተኞችም እየጠራሽ ትቀልጂባቸው ነበር። እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም። ግን ሰው አንዴ ጎበዝ ከተባለ ማን ያስቆመዋል? ያልተቸገርሽበትን ሁሉ ላግዝሽ አማረኝ።

ገጽ ስለመግለጥ ያስተማርሽኝ ራስሽ ነሽ። ክላርኔት የሚጫወት ሰው ሁለት እጁ መሣሪያው ላይ ነው፤ ገጽ መግለጥ የሚችለው ሙዚቃው ዕረፍት ሲሰጠው ነው፤ ስለዚህ እንደ አንቺ የየተጫዋቹን ድርሻ በእጇ የምትጽፍ ኖታ ገልባጭ ገጹን የምትጨርሰው ዕረፍቱ ላይ ነው፣ ወረቀቱ ሞላም ጎደለም። «ኖታውን ማንም ይገለብጣል፤ ሙያው ገጹ የሚገለጥበትን ቦታ ማወቁ ላይ ነው» ብለሽኝ ነበር። ያንቺ ገጾች ግን ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ባዶ ነበሩ፣ በተለይ የአባባ ድርሻ። አራት መስመር ብቻ ተጽፎበት ቀሪው ነጭ የሆነ ገጽ ነበረው። የአስተዳደር ኃላፊው ያንን ባየ ቁጥር ወረቀት ባከነ ብሎ ያማርራል። ቅጽል ስምሽም የወጣው ከዚያ ነው።

እኔም «ገጽ ቆጣቢ» ያልኳትን ስክሪፕት ጻፍኩ። የእያንዳንዱን ተጫዋች ድርሻ ትጠቀጥቀዋለች፣ ከሁለት ሰከንድ በላይ የሆነ ዕረፍት ስታገኝ ገጹን እዚያ ትቆርጣለች። ሁለት ሰከንድ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰዓት ይዤ፣ ወረቀት እየገለጥኩ፣ በራሴ እጅ ነው የለካሁት። በዓለም ላይ ያለው እጅ ሁሉ የእኔን የሚመስል ነበር የመሰለኝ።

ስትሠራ ሳሳይሽ ብዙም አልተናገርሽም። «ለሌሎቹ ጥሩ ነው። የአባባን ግን ተወው፤ አንደኛ ክላርኔትን በእጄ ነው የምሠራው» አልሽኝ። ለምን ስልሽ «እንዲሁ» አልሽኝ። እኔም «እንዲሁ የሚባል ትእዛዝ ኮምፒውተሩ አይገባውም» ብዬ ቀለድኩ፤ አልሳቅሽም። እንደገና «ተወው» አልሽኝ። ከኋላዬ ቆመሽ እያየሽ «አንደኛ ክላርኔትን ዝለል» የምትል አንዲት መስመር አስገባሁ። አዲሶቹ ወረቀቶችም ከእሑዱ ኮንሰርት በኋላ፣ አንቺ አይተሻቸው ሰኞ እንደሚታደሉ ተስማማን። ሥራዬን ይወስድብኛል ብላ ነው የምታኮርፈው ብዬ በልቤ ታዘብኩሽ። እንዲህ ነበር የማውቅሽ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልናገር።

ከዚያ እሑድ በኋላ ለአንቺም፣ ለአባባም፣ ለኦርኬስትራው መሪም የነገርኳችሁ አንድ ነው። «ያቺ መስመር የሌለችበትን የድሮውን ስክሪፕት ነው ተሳስቼ ያስኬድኩት» አልኳችሁ። ሁላችሁም አመናችሁኝ፤ ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ስህተት ለማመን ይቀላል። የአብዬን ወደ እምዬ ነው ያደረግኩት። ውሸት ነው። መስመሯ ነበረች። የሰረዝኳት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የአስተዳደር ኃላፊው ሥራዬን ሊያይ መጥቶ ከወንበሬ ጀርባ ቆሟል፣ አንቺ ቆመሽበት በነበረው ቦታ ላይ። የተጫዋቾቹ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ተደርድሯል፣ የቀነሰው አረንጓዴ፣ ያልቀነሰው ቀይ። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኖ አንዲት ቀይ መስመር መሀል ላይ ቀረች። ጣቱን ቀስሮ «ይቺስ?» አለኝ። ባለቤቴ ተወው ብላኛለች ማለት አፈርኩ። ሚስቱን የሚፈራ ባለሙያ መባል አፈርኩ። «እሷንም እናስተካክላታለን» ብዬ «አንደኛ ክላርኔትን ዝለል» የምትለዋን መስመር አጥፍቼ ስክሪፕቷን እንደገና አስኬድኳት። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ስሰርዛት እጄ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ኃላፊው «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ነገ በአዲሱ ይጫወቱ» አለኝ። እሑድ ጠዋት አንቺ የአባባን ሙሉ ልብስ ከልብስ ሰፊው ልታመጪ ስትወጪ፣ እኔ አዳራሹ ገብቼ አሮጌዎቹን ወረቀቶች ከየኖታ ማስቀመጫው አንስቼ አዲሶቹን አስቀመጥኩ። ልምምዱ በሙሉ በአሮጌው እንደነበር አውቃለሁ። ኖታው ያው ኖታ ነው፣ ምን ይለወጣል አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አይደለም።

የሆነውን አብረን አይተናል። አንቺ ግን ከኋላ ቆመሽ ነበር፣ እኔ ከመድረኩ ጎን ነበርኩ፤ እኔ ያየሁትን አላየሽም። የሙዚቃው ሁለተኛ ክፍል ላይ አባባ ገጹ መጨረሻ ደረሱ። ሁለት ሰከንድ ተኩል ዕረፍት ነበራቸው። ቀኝ እጃቸውን ከክላርኔቱ ላይ አንስተው ሰደዱት፤ ጣታቸው ወረቀቱን ነክቶ አመለጠው። እንደገና ሰደዱት። ያኔ ነው እጃቸው አየር ላይ ሲርገበገብ ያየሁት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። በሦስተኛው ወረቀቱን ሲይዙት ማስቀመጫው ተገፍቶ ወደቀ፣ ወረቀቱም እስከ ቫዮሊኖቹ እግር ድረስ ተበተነ። ብቻቸውን የሚጫወቱበት ቦታ ነበር፤ ባዶ ሆነ። መሪው እጁን አወረደ። ከአዳራሹ አንድ ሰው ሳቀ። አባባ ግን እጃቸውን አላወረዱትም፤ የሰው እጅ እንደሚያይ ሰው ሲያዩት ቆዩ።

አንቺ መድረኩን አላየሽም። እኔን ነው ያየሽው።

ከኮንሰርቱ በኋላ መሪው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቶ ምን ተፈጠረ ብሎ ሲጠይቅ፣ አባባ እኔን ቀደሙኝ። «እጄ ነው። ወረቀቱ ምንም አላደረገም» አሉት። ወደ እኔም ዞረው «ልጄ፣ አንተ አትጨነቅ» አሉኝ። ገጹ መጥበቡን አይተዋል። አዲስ ወረቀት መሆኑን አይተዋል። ማን እንዳስቀመጠውም ያውቃሉ። እኔም በዚያች ሰዓት «አይ፣ እኔ ነኝ» ማለት ስችል፣ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ ነው። መስመሯን ከሰረዝኩት ይልቅ ዝም ያልኩት ይበልጥ ያመኛል።

ማታውኑ ሻንጣ ስታዘጋጂ ጠየቅኩሽ። «እጁ እንዲህ ከሆነ አራት ዓመት ሆነው» አልሽኝ፤ «መሣሪያው ላይ ሲሆን ጽኑ ነው፣ አየር ላይ ሲሆን ነው የሚንቀጠቀጠው። አስተዳደሮቹ ይሄን ካወቁ ያሰናብቱታል።» «ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩብሽ፤ እኔ ነኝ ደግሞ የምጮኸው። አንቺ ሳትጮኺ «ተወው ብዬህ ነበር» አልሽኝ። ሻንጣሽን ዘግተሽ ወጣሽ። ሌላ ምንም አላልሽኝም፣ እስከ ዛሬም አላልሽኝም።

ስትሄዱ የቤቱ ነገር ሁሉ ይናገርብኝ ጀመር። ስድስት ዓመት ከአባባ ጋር በአንድ ጠረጴዛ በልቻለሁ። ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ነው የሚያነሱት፤ ሽማግሌ አይደሉ እንዴ ብዬ አልፋለሁ። ጋዜጣ በእጃቸው ይዘው አያነቡም፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ነው፤ እኔም «አባባ ጋዜጣውን እንደ ሕፃን ያስተኙታል» እያልኩ እቀልዳለሁ፣ እሳቸውም ይስቁልኛል። በር ሲከፍቱ ከኋላቸው ሰው ካለ ቁልፉን ለእሱ ይሰጡታል። እንግዲህ ለዚህ ሁሉ አንድ ስክሪፕት እንኳ አያስፈልግም ነበር፣ ቀና ብሎ ማየት ይበቃ ነበር። ሌላው ሁሉ ሥራ በአራት ሰከንድ ሲያልቅልኝ፣ የተረፈኝን ጊዜ ምን ላይ እንዳዋልኩት አላውቅም።

ባለፈው ዓርብ ለሐሙሱ ፈተና የአባባን አሮጌ ድርሻ ፍለጋ ቢሮሽ ገባሁ። ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። እውነቴን ነው፣ ያንቺን ሥራ ከዳር እስከ ዳር ሳነበው የመጀመሪያዬ ነው። እያንዳንዱ ባዶ ግማሽ ገጽ አባባን ረጅም ዕረፍት ላይ እያደረሳቸው ነበር፤ አሥር ሰከንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አንዱ ቦታ ላይ ሃያ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ሰው የማያይበት፣ ቢያመልጣቸው እንደገና የሚሞክሩበት። ቅጽል ስሙን መጥራት ያቆምኩት እዚያ ወለል ላይ ነው።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ግን ግራ ገባኝ። እዚያ ለክላርኔት ዘጠና አራት ባር ሙሉ ዕረፍት የለም። አንቺም ገጹን የጨረስሽው በዜማው መሀል ነው፣ በሁለት ትንፋሽ መካከል እንኳ አይደለም። ተሳስታለች አልኩ፤ ደስ እንዳለኝም አልደብቅሽም፣ አንድ ስህተት ብትሠራ ብዬ። ከዚያ የሁለተኛ ክላርኔትን ድርሻ አወጣሁ፤ አባባ ከጎናቸው ስለምትቀመጥ «ጎረቤቴ» የሚሏትን ሴትዮ ማለቴ ነው። በዚያው ቦታ ስምንት ባር በእርሳስ ተሰርዞባታል፤ ከላዩ ላይ በእርሳስ «እዚህ እገልጥላቸዋለሁ» ይላል። የእሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። የተሰረዙባት ስምንት ባሮችስ የት ሄዱ ብዬ ስፈልግ፣ ከቫዮሊን ተለቅ በምትለው በቪዮላ ድርሻ ላይ በአንቺ እጅ በትንንሹ ተጽፈው አገኘኋቸው። ሌላ ሙዚቃ አወጣሁ፤ እዚያ የሚገልጥላቸው ፋጎት የሚባለውን ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወተው ነው፣ የእሱን ኖታ የያዘለት ደግሞ ቀንድ የሚነፋው። ሌላም አወጣሁ። እስኪመሽ ወለሉ በወረቀት ሞላ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ከዚህ አንዱም የለም። ሁሉም በእርሳስ ነው።

ያኔ ነው ሁለተኛው ነገር የገባኝ። ያቺን መስመር ባልሰርዛት እንኳ፣ የአባባን ወረቀት ብቻ ትቼ የሌላውን ሁሉ ብቀይር እንኳ፣ ሦስተኛው ክፍል ላይ ይወድቁ ነበር። የአንቺን እርሳስ ከሁሉም ማስቀመጫ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ይሁን ያልሽኝ በእርሳስ ልትመልሺው ነበር። እሑድ ጎረቤታቸው ወደ እሳቸው ዞር ስትል አይቼ ነበር፤ ግን አፏ መሣሪያው ላይ ነበር፣ አዲሱ ወረቀቷ ተጫወቺ ይላታል።

ቅዳሜ ቤቷ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ወረቀቱን ሳሳያት አልደነገጠችም፣ መቆንጠጫ በአፏ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ ማን ያውቃል ስላት «ሁላችንም። ከአራት ዓመት በፊት እሷ ናት ሰብስባ የለመነችን። መሪውም ያውቃል፤ አይቶ እንዳላየ ነው» አለችኝ። «እኔስ? አብሬያቸው የምኖረው እኔ ነኝ፤ ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳት። መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች።

«እሷ ናት ለእሱ አትንገሩ ያለችን» አለችኝ፤ «'እሱ ያየውን ነገር ሁሉ ካላስተካከለ አይተኛም፤ አባቴን ደግሞ እንዲያስተካክልልኝ አልፈልግም' ነው ያለችው።»

ልብሷን ማስጣቷን ቀጠለች። እኔም ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ስድስት ዓመት አጠገቤ ተኝተሽ ይህን ታስቢ ነበር ማለት ነው። ልቆጣሽም ሞከርኩ፤ ግን ከየት አምጥቼ? ሁለት ጊዜ ተወው ብለሽኝ ያደረግኩትን አውቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት የአስተዳደር ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። መስመሩን እንደሰረዝኩ፣ ወረቀቱን ያለ አንቺ ፈቃድ እንደቀየርኩ፣ እንደዋሸሁ። በጽሑፍም ፈርሜ ሰጠሁት። ሳልናገር የቆየሁት ለሥራዬ ፈርቼ ነበር፤ ሰውየው ግን ሊቆጣኝ እንኳ አልፈለገም። «የማን ጥፋት ነው ብለን አይደለም የምንጠይቀው» አለኝ፤ «እጃቸው ይንቀጠቀጣል ወይስ አይንቀጠቀጥም?» ሃያ ሁለት ቀን የታቀፍኩት እውነት ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ምንም ሚዛን አላነሳም። ፈተናውም አባባ ለብቻቸው፣ ያለማንም እርዳታ ነው ብሎ ሸኘኝ።

ከዚያ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ። መሪው አገኘኝ። ለእሱም ነገርኩት። «ሐሙስ ፈታኙ እኔ ነኝ። ተጫዋቾቹ መጥተው ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡ ተነሱ የምል ሰው አይደለሁም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ኃላፊው ምን እንደሚል ግን ማንም ሊነግረኝ አልቻለም፤ እኔም በማላውቀው ነገር ተስፋ ልሰጥሽ አልፈልግም። ጎረቤታቸው ትመጣለች። ፋጎቱም ይመጣል፣ ቀንዱም፣ ቪዮላዎቹም ሁለቱ። አሮጌዎቹን ወረቀቶች እኔ አላስቀምጥም፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው እንዲያስቀምጧቸው ለጎረቤታቸው አስረክቤያታለሁ። ከእንግዲህ እነዚያን ወረቀቶች በእጄ መንካት አልፈልግም።

ስለ እኔና አንቺ የምጠይቅሽ ነገር የለም። ቤቱ ያው ነው፣ ቁልፍሽ አልተቀየረም። ብትመለሺ በደስታ እሞታለሁ፣ ባትመለሺ ለምን ብዬ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። አባባን ለሐሙስ ማሳመን ካልቻልሽ፣ ወይም ማሳመን ካልፈለግሽ፣ እሺ። ግን ይህን ደብዳቤ እስከ እዚህ አንብበሽ ከሆነ፣ ወደ እሳቸው ክፍል ግቢና ከዚህ በታች ያለውን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እጃቸውን ሲያዩ እንደሚውሉ ሾፌሩ ነግሮኛል። እኔ መጥቼ እንዳልነግራቸው በሩን የምትከፍቱልኝ አይመስለኝም።

አባባ፣ እኔ ነኝ። የዚያን ቀን መሪው ሲጠይቅዎ እጄ ነው ብለው የመለሱለትን ሰምቼ ዝም አልኩ። እጅዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ማንንም አላሳፈረም፣ ያን ቀንም አላሳፈረም። ልጅዎ ተው ብላኝ ነበር፣ ሁለት ጊዜ፤ ሰምቻት ነበር፣ አውቄ ነው የሰረዝኩት። ጥፋቱን ስለ እኔ ተሸክመው እንዳይኖሩ፤ የእኔ ነው፣ ይመልሱልኝ።

ባልሽ